ታትሟል

ሁለቱ ሴቶች በሩን አንዴ አንኳኩተው መልስ ሳይጠብቁ ገቡና፣ ሰላምታቸውን በቅጡ ሳይጨርሱ የሳሎኑን መስኮት መለካት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ከማሽኑ መርፌ ስር እንደያዘች እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣችና አየቻቸው። ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። አንደኛዋ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ባለቤት ናት። ሌላዋ አናቷ የበሩን መቃን ሊነካ ትንሽ የሚቀረው፣ ሦስቱም በሚያመልኩበት ጉባኤ ዘንድ «ረጅሟ» የምትባል የሕንፃ ኮሚቴ አባል ናት። ሁለቱም እሁድ እሁድ ከፊት ወንበር የማይጠፉ፣ ሲዘመር እጃቸውን ከሰው ሁሉ በላይ የሚያነሡ ናቸው። ረጅሟ ወንበር ሳያስፈልጋት የሜትሩን ጫፍ ከመስኮቱ ራስ ላይ አስያዘች፤ ባለፋርማሲዋ ቁርጥራጩን ጨርቅ በጫማዋ ገፋ አድርጋ ከወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ» አለች ባለፋርማሲዋ እዚያው ተንበርክካ። «ምን ያለ ልብ ነው ጌታ የሰጠሽ!»

«ለምኑ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ትሕትና መስሏቸው ነው። ረጅሟ ሜትሩን እየጠቀለለች መድረኩ በቀኝ በኩል እንደሚሆን፣ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ እንደሚፈርስ፣ ማሽኖቹ የቆሙበት ጥግ ለመዘምራን እንደሚበቃ በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት። ባለፋርማሲዋ ደግሞ ባለፈው እሁድ ወንድሟ ሲናገር ያላለቀሰ ሰው እንዳልነበረ አጫወተቻት። «‹የአባታችንን ቤት ለጌታ እንስጠው ስላት እህቴ እንባዋን እያፈሰሰች እሺ አለችኝ› ሲል እኮ መጋቢው ራሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። አንቺ ሥራ በዝቶብሽ ቀረሽ እንጂ ብታዪው!» አለቻት። ከዚያ ወደ መጣችበት ጉዳይ ገባች። መጋረጃውን ሌላ ሰው ከሚሰፋው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ብትሰፋው በረከቱ እጥፍ ነው። አገልግሎት ስለሆነም ሂሳብ የሚባል ነገር አይነሣም።

ሴቶቹ እየባረኳት ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና፣ ከጓሮ ደግሞ ዕቃ የሚታጎርባት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ይኸው ነው። አባታቸው ከሥራ መልስ እያደሩ የሠሩት፣ አንደኛው ግድግዳ ትንሽ የተንጋደደ፣ ዝናብ ሲጥል ከበሩ ራስ ላይ የሚያፈስስ ቤት ነው። ሲሞቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው እኩል ትተውታል። ወንድሟ ሚስት ሲያገባ ወጥቶ ሄደ፤ እሷ ቀረች። እናቷን እዚህ አስታመመች፣ አባቷንም እዚህ አስታመመች፣ ሁለቱም ካለፉ በኋላ ሳሎኑን የስፌት ቤት አድርጋ ከማንም ሳትጠጋ ኖረች። እንግዲህ እንባዋን ያፈሰሰችው መቼ ነው? አሰበች፣ አሰበች፣ ትዝ አላት። ወንድሟ ከቀናት በፊት ብቅ ብሎ ከኩሽናው በር ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ይሄ ቤት አንድ ቀን ለጌታ ሥራ ቢውል አባባ ደስ አይለውም ነበር?» አላት። «ይለው ይሆናል» አለችው፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

ደሟ ፈላ። ያልጨረሰችውን እጅጌ ከመርፌው ስር ሳታወጣ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ቀይራ ወጣች።

ስለ ጉባኤው መናገር ካስፈለገ ነገሩ ረጅም አይደለም። ከእናት ቤተ ክርስቲያኑ የተገነጠለው በትምህርት ልዩነት ነው እየተባለ ይሰበካል እንጂ እውነቱ በድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያውን ማን ገዛው፣ ማን ይክፈተው፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ ማን ድምፁን ይቀንሰው በሚል ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ተያያዙ፤ በመጨረሻ ማጉያውን የያዙት ማጉያውን ይዘው ወጡ፣ ሌላ ጉባኤም ሆኑ። የተከራዩት አዳራሽ ከአናጺ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው። መጋቢው ስለ ዘላለም ሕይወት ሲሰብኩ ከታች መጋዙ ያጓራል። ምእመናኑ ሲወጡ የእንጨት ብናኝ ከትከሻቸው እያራገፉ ነው። አከራዩም በየጊዜው ኪራይ እየጨመረ ጨጓራቸውን ላጠው። ስለዚህ የራሳችን ሕንፃ የሚለው ጸሎት ከኃጢአት ይቅርታ ቀድሞ የሚጸለይ ሆነ።

ይህ ጉባኤ አንድ የራሱ ብቻ የሆነ ሥርዓት አለው። አንዴ አንድ ሰው በማይክ ለመዘምራኑ ኪቦርድ እገዛለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሳምንት ሳይሞላ አፍንጫችሁን ላሱ ቢላቸው መጋቢው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ በማይክ የተነገረ ስጦታ ሁሉ በሕዝቡ ፊት ይታተማል። ተናጋሪው ይናገራል፣ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ አሜን ይላል፣ መጋቢው እጃቸውን አንሥተው «ታትሟል!» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ወደኋላ የለም። ወደኋላ ያለ ሰው ቢኖርም በፖሊስ አይያዝም፤ ሰላምታ ነው የሚያጣው። ሰዎቹ እርስ በርስ ካልሆነ የማይገበያዩ፣ የማይጋቡ፣ የማይቀባበሩ ስለሆኑ ሰላምታ ያጣ ሰው ሁሉንም ያጣል። ለልብስ ሰፊዋም ቢሆን ዩኒፎርሙ፣ ቀሚሱ፣ የመዘምራኑ ካባ የሚመጣው ከነሱ ነው።

የወንድሟ ሱቅ የሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሸጣል። ወንድሟ ከሁለት ነጭ የሽንት ቤት መቀመጫዎች መካከል ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ፣ በስልክ ስለ ሲሚንቶ እያወራ ነበር። ከጉባኤው ግማሹ ቤቱን ያነጠፈው ከዚህ ሱቅ ነው። ወንድሟ ሽማግሌ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ግማሹ ያነጠፈውን አፍርሶ እንደገና ያነጥፍ ጀምሯል። እህቱን ሲያይ ስልኩን ዘጋ፣ በፈገግታ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፣ ሻይ አዘዘላት። ሻዩ መጣ። ሁለቱም ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩ። አንድ ደንበኛ ገብቶ የቧንቧ ዋጋ ጠይቆ፣ ተወደደ ብሎ፣ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን እያየች በልጅነታቸው ጭቃ ሲሆን አዝሎ ያሻግራት እንደነበር አሰበች፤ ይህን በማሰቧም ተናደደች።

«ጋሼ፣ ሰዎች መጥተው መስኮቴን ለኩት» አለችው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የላክኋቸው። ፈጣኖች ናቸው አይደል?»

«የት ልሄድልህ ነው?»

«የት ትሄጃለሽ? እዚያው ነሽ እንጂ! የጓሮዋን ክፍል ላንቺ እንዲተዉልሽ አስወስኛለሁ። ጠዋት ጠዋት አዳራሹን ጠረግ ጠረግ ታደርጊያለሽ፣ ቁልፉም አንቺው ጋ ይሆናል። በጌታ ቤት ግቢ ውስጥ መኖር እኮ ስንት ሰው የሚመኘው ነገር ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሻዩን አስቀመጠች። በአባቷ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ጽዳትም ዘበኛም ሆና እንድትኖር ነው የታሰበላት። ለዚህም አመስጋኝ እንድትሆን ይጠበቃል።

«እኔ አላለቀስኩም። ሽንኩርት ነበር።»

ወንድሟ እንደማፈር አለ። ግን ሐፍረቱ ውሎ አላደረም። ቃሉ መታተሙን፣ መጋቢው ለሌሎች መጋቢዎች ሁሉ ደውለው መንገራቸውን፣ ዛሬ አመሻሽ ላይም ለእሷ የምስጋና ፕሮግራም እንደተዘጋጀ፣ ለፊርማው ሰኞ አብረው እንደሚሄዱ ነገራት። እሷ ሳትኖር በእሷ ስም እንዴት እንደታተመ ብትጠይቀው ፊቱ በራ፤ ይህን ጥያቄ የመለሰው እሱ ራሱ ነበርና። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት የባሏን መኪና ሰጥታ ባልየው ሲጮህ፣ ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀርቦ፣ ቤተሰብ በጌታ አንድ አካል ነው፣ የአንዱ አፍ የሌላውም አፍ ነው ብሎ የበየነው እሱ ነው። መኪናዋን ዛሬ መጋቢው ይነዷታል። «አንቺ ብቻሽን ነሽ እቱ» አላት ድምፁን አለስልሶ። «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ይሄ ሁሉ ቤት ምን ያደርግልሻል?» ቀጥሎም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለፕሮግራሙ ገና ሰዓት ስላለ ወደ አዲሱ ቤቱ አብራው ሄዳ የሚስቱን መጋረጃ እንድትለካላት ጠየቃት።

አይሆንም ልትል ፈለገች። ግን ከኪሷ የማይለየውን ሜትር ዳበስ አድርጋ መኪናው ውስጥ ገባች። እሱ መዝሙር ከፈተ፤ እሷ በመስኮት የሱቅ ማስታወቂያ ስታነብ ሄደች።

አዲሱ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ተጠናቆ ቀለሙ ገና መሽተቱን አልተወም። ቤተሰቡ በሚቀጥለው ሳምንት ሊገባበት ዕቃው በካርቶን ታሽጎ በየጥጉ ተደርድሯል። የወንድሟ ሚስት ጫማዋን አውልቃ በሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተተች ተቀበለቻትና ጉንጯን ከጉንጯ አስጠግታ ሳመቻት። ስለ አባትየው ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ባሏ ባለፈው እሁድ ሲናገር ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ እንደነበረች ልብስ ሰፊዋ ከባለፋርማሲዋ ሰምታለች። ሚስትየዋ ይልቅ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አስጎበኘቻት። የልጆቹ መኝታ፣ የእነሱ መኝታ፣ ብረት ምጣድ ብቻ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ከበሩ አጠገብ ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ መታጠቢያ ቤት። ሳሎኑ ግን ጉድ ነው። መሐል ላይ ምሰሶ የሚባል የለውም፤ ከአንዱ ጥግ የተናገሩት ከሌላው ጥግ ጥርት ብሎ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን እየዘረጋች ስትለካ ሚስትየዋ ከኋላዋ ታወራለች።

«ለትንሹ ልጄ ልደት ጉባኤውን በሙሉ ነው የምጠራው። ይሄ ሳሎን ይችላቸዋል። መኪናም ቢሆን እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው የሚቆመው፤ እንደ ኪራይ ቤታችን በየሰው በር አይለጠፉም።»

«ይችላቸዋል እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሜትሩ ከእጇ አምልጦ ተጠቀለለ። ለአፍታ ከሳሎኑ መሐል ቆማ ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ ሚስትየዋን ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ጠየቀቻት። ሚስትየዋ ወርቃማ አለች።

አመሻሽ ላይ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አናጺው ከታች የተቀበለውን ሥራ ለማድረስ መጋዙን አላቆመም። ልብስ ሰፊዋን እንደወትሮው ከኋላ ልትቀመጥ ስትል ረጅሟ ክንዷን ይዛ ከፊት፣ ከወንድሟና ከሚስቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። የማያውቋት ሁሉ እየመጡ አቀፏት። ላለፉት ሁለት ዓመታት ካባቸውን ስትሰፋላቸው ስሟን ያልጠየቁ መዘምራን «እናታችን» አሏት። አሁን ተነሥቼ አልሰጠሁም ብል፣ ብላ አሰበች፣ ከነገ ጀምሮ ከእግዚአብሔር እጅ የቀማች ሴት እባላለሁ፤ ክር የሚያስቆርጠኝ ሰው አይመጣም። ዝም ብል ደግሞ ሰኞ ያስፈርሙኛል። ይሉኝታ እንደዚህ ያለ ነገር ነው፤ አፍን ሳይሸብብ ያሠራል። ወንድሟ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የነገደውም በዚሁ ነው።

መጋቢው ንግግራቸውን ዘለግ አደረጉት። ስለ ሰፊ ልብ ተናገሩ፣ ስለ ጠባብ በር ተናገሩ፣ ስለ ኪራይ ውድነትም ተናገሩ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን ወደ መድረኩ ጠሯትና፣ እጇን ይዘው፣ ማይኩን ከአፏ አስጠጉላት። «አንድ ቃል ብቻ እህታችን። አሜን ብትይ ይበቃል» አሏት።

ማይኩን ከእጃቸው ወሰደችው።

«እኔ መናገር አልችልም» አለች። «ጋሼ ነው የንግግር ሰው። ግን ጋሼ ትሕትና ያበዛል፤ የራሱን ደብቆ የኔን ብቻ ነው የነገራችሁ።»

ወንድሟ ቀና አለ።

«ዛሬ አዲሱን ቤቱን ወስዶ አሳየኝ። ሳሎኑ ምሰሶ የለውም፣ እናንተን በሙሉ ይችላል። ግቢው መኪና ይይዛል። ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ሰው ሳይጠይቅ ያገኘዋል። እትዬ ራሷ ጉባኤውን በሙሉ ይችላል ብላኛለች፣ እዚህ ናት፣ ውሸት ከሆነ ትናገር። የአባታችን ቤት ጠባብ ነው፣ ግድግዳው የተንጋደደ ነው፣ ዝናብ ያፈስሳል። ለጌታ የሚያፈስስ ቤት ይሰጣል እንዴ? ጋሼ እንዲህ ያለውን አያደርግም፤ እኔ አውቀዋለሁ። እኛ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ነን። የአንዱ አፍ የሌላውም ነው ብሎ ያስተማረን እሱ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ያፈረውን እኔ ልናገርለት። በአባታችን ቤት ፈንታ አዲሱን ቤት ሰጥቷል።»

የመጀመሪያው አሜን ከኋላ መጣ፣ ዘንድሮ ሴራሚክ በውድ ከተሸጠለት አንድ ሰው ይመስላል። ሁለተኛው አዳራሹን አናወጠው። የወንድሟ ሚስት እጆች ለማጨብጨብ ተነሥተው አየር ላይ ቀሩ። ወንድሟ ብድግ ሊል ሲሞክር ከኋላው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደስታ የጣለው መስሏቸው በብብቱ ገብተው ደግፈው አቆሙት፤ አንገቱንም አቅፈው አላናግር አሉት። መጋቢው ግን አልጮሁም። ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። የአስፋልት ዳር ቤትና የሚያፈስስ ቤት በሐሳባቸው ጎን ለጎን ሲያቆሙ፣ የመኪና ማቆሚያውን ሲያስቡ፣ ልብስ ሰፊዋ ከፊታቸው ላይ ታነበዋለች። አውቀዋል። ወንድምየው ምንም ቃል እንዳልገባ ከእሷ እኩል አውቀዋል። ያለፈው እሁድ ቃልም ሐሰት እንደነበር የዚያኑ ያህል ሳያውቁ አልቀሩም። ሦስተኛው አሜን ሳያልቅ እጃቸውን አነሡ።

«ታትሟል!»

ማይኩ ከልብስ ሰፊዋ ወደ ወንድሟ ተላለፈ። ሁሉም ይጠብቀዋል። የቧንቧ ደንበኞቹ፣ የሴራሚክ ደንበኞቹ፣ ሁለቱ አበዳሪዎቹ፣ ልጁን ሊድርለት ያሰበው ቤተሰብ ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው በፍቅር ያዩታል። ላቡን ጠረገ። ማይኩ ትንፋሹን ለአዳራሹ አሰማ። አንዴ ወደ ሚስቱ አየ፣ አንዴ ወደ እህቱ አየ። እንዴት ያለ ሐሰት ነው ብሎ ቢጮህ በእህቱ ስም የገባው ያለፈው እሁድ ቃልም አብሮ እንደሚፈርስ የገባው ያኔ ነው።

«አሜን» አለ።

መዘምራኑ ጀመሩ፣ ማጉያው ተከፈተ፣ መጋዙም ከታች ተባበራቸው። የሕንፃ ኮሚቴው ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ቤቱን ለማየት በመጋቢው መኪና ተጭኖ ሄደ። ሰኞ የተፈረመው በአዲሱ ቤት ላይ ነው፤ የሚያፈስሰውን ቤት ዳግም ያነሣው የለም። የጉባኤው ሕንፃ የተገኘው እንዲህ ነው። ዛሬ በሩ ላይ የተለጠፈው እብነ በረድ ወንድማችን በፈቃደ ልቡ እንደሰጠው ይናገራል፤ ለሌሎች ምእመናን ምሳሌ ሆኖም ይጠቀሳል።

ልብስ ሰፊዋ ከአዳራሹ ስትወጣ ወንድሟ ከደረጃው መታጠፊያ ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘችው። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። አዝሎ ያሻገራት ሰው ነው። ሆኖም በማድረጓ አልተጸጸተችም፤ ነገም የሚያስጸጽታት አይመስላትም።

«ያለንበትን ኪራይ ቤት በሚቀጥለው ሳምንት እንለቃለን ብለናል» አላት። «ባለቤቱ ሌላ ተከራይ አግኝቷል። ልጆቼን የት ልውሰዳቸው እቱ? ምን ነው ያደረግሽኝ?»

ልብስ ሰፊዋ የጫማዋን ማሰሪያ ጎንበስ ብላ አጠበቀች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረበትም።

«ማሽኖቹን ወደ አንድ ጥግ እገፋቸዋለሁ» አለችው። «ግማሹ ያንተ ነው። መቼ ያንተ አይደለም አልኩህ?»